ለእውነት ሐሰተኛ ማስረጃ ይፈቀዳልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በ2009 ዓ.ል. ክረምት መግቢያ ላይ ከቢቸና ተነስቼ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። ሶላት እንደተሰገደ ወደ አጎቴ የጨርቅ ሱቅ ሄጄ ከባንኮኒው ኋላ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረው የአጎቴ ልጅ አራት ላይ የታጠፈ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሒሳብ ተምረሃል፤ እስቲ ይህን ተመልከተው» አለኝ።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ስለዞረ ፊደሎቹ ደብዝዘዋል። አንድ ቁጥር ግን በትልቁ ተጽፎበታል፤ 11462364063። አወጣጡም ተብራርቷል። 114 የቁርኣን ሱራዎች ብዛት፣ 6236 የአያዎች ብዛት፣ 40 ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ሲወርድላቸው የነበሩበት ዕድሜ፣ 63 ወደ አኺራ ሲሄዱ የነበሩበት ዕድሜ ነው። አራቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አስራ አንድ አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር፣ ይላል ወረቀቱ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ምንም የማያካፍለው ነው፤ የማይከፈለው አንድ አምላክም ፊርማ ነው። የአሃዞቹ ብዛት 11 መሆኑ፣ 11ም ራሱ የማይካፈል መሆኑ ሌላ ተአምር ተብሎ ተመዝግቧል። «የዘመኑ ኮምፒውተሮች አረጋግጠውታል» የሚልም አለበት። የትኛው ኮምፒውተር፣ በማን እጅ፣ መቼ የሚል ግን የለም።

እርሳስ ተውሼ አሃዞቹን ደመርኩ። 36 መጣ። የአንድ ቁጥር አሃዞች ተደምረው በ9 ከተካፈሉ ቁጥሩም በ9 እንደሚካፈል ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። አካፈልኩት፤ 1273596007 ሆነ፤ ትራፊ የለውም። ኮምፒውተር ቀርቶ የሒሳብ ማሽንም አላስፈለገም።

የአጎቴ ልጅ እኔንና ወረቀቱን ተራ በተራ ተመለከተ። ከዚያ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣ ነገር ተናገረ። «ቢካፈልስ ማንን ይጎዳል? ይህን አንብቦ ሶላት የጀመረ ልጅ አውቃለሁ። አንተ ግን በአንድ እርሳስ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ውድ አንባቢያን! ነገሩ የልጅ ንግግር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እውነት ብለን የያዝነውን ነገር የሚያግዝ፣ ሰውንም ወደ መልካም የሚመልስ፣ ራሱ ግን ትክክል ያልሆነ ማስረጃ ቢገጥመን አይተን እንዳላየን ማለፍ ይፈቀድልናልን? ያን ዕለት የምመልሰው አጥቼ ሻዬን ጠጣሁ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ስለ ቁጥሩ ነገር ጥቂት ልበል። ሒሳብ ሲነሳ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ መኖሩን አውቃለሁ። ይህኛው ግን ከገበያ ሒሳብ የራቀ አይደለም።

12 ብርቱካን ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት ሰው እኩል ይከፈላል። 13 ግን ወይ አንድ ሰው ይወስደዋል፣ ወይ ለአስራ ሦስት ሰው አንድ አንድ ይደርሳል፤ ሌላ መንገድ የለውም። እንዲህ ያለውን የሒሳብ መጻሕፍት ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይሄዳል። ማብቂያ እንደሌለው ደግሞ የጥንቱ ዩክሊድ፣ ዐረቦቹ ኡቅሊድስ የሚሉት፣ ከዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት በማስረጃ አሳይቷል።

አያቴ ቆዳና ጨርቅ በበቅሎ ጭነው በቢቸናና በሞጣ ገበያ መካከል የተመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ቁርኣን ይቀራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠሩም፤ የማባዣ ሰንጠረዥም አያውቁም። 22 ቆዳ አንዱ በ14 ብር ስንት ይሆናል ሲባሉ በሁለት ረድፍ ትንንሽ ጉድጓድ ይጭሩና ጠጠር ይደረድራሉ። በግራው ረድፍ 22ን እየገመሱ ይወርዳሉ፤ ግማሽ ከተረፈ ይጥሉታል፤ 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኙ 14ን እያጠፉ ይወርዳሉ፤ 14፣ 28፣ 56፣ 112፣ 224። ከዚያ በግራው እኩል ለሁለት የሚገመሰው ቁጥር ባለበት ሁሉ ትይዩውን የቀኝ ጠጠር ያነሳሉ። 14 እና 112 ይወጣሉ፤ የቀሩት 28፣ 56 እና 224 ሲደመሩ 308 ይሆናሉ። አንድ ቀን ተሳስተው አላየሁም። ይህን አሠራር የውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ሲሉት ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት የሚሉትም አሉ፤ ዘመዱ በጥንቷ ግብጽም ነበር።

ቆዳው 31 የሆነ ቀን ነው የገረመኝ። 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1 ብለው ወረዱ፤ ሁሉም ጎዶሎ ሆነ። የሚነሳ ጠጠር የለም፤ የቀኙ ረድፍ በሙሉ ተደምሮ 434 ወጣ። «ይኸ ቁጥር ሙሉ ነው፤ ጠጠሬን አይበላብኝም» ሲሉ ትዝ ይለኛል።

አያቴ «ሙሉ» ያሉት ቁጥር በሒሳቡ ዓለም የታወቀ ቤተሰብ ነው። ሁለትን በራሱ ደጋግሞ አባዝቶ 1 በመቀነስ ይገኛል፤ 3፣ 7፣ 15፣ 31፣ 63፣ 127። አንዳንዱ ብቸኛ ነው፤ 15ና 63 ግን አይደሉም። የድግግሞሹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ውጤቱ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ብቸኛ ቢሆንም ዋስትና የለውም፤ ሁለት 11 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ 2047 ይሆናል፤ ይህም 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ቤተሰቡ የተሰየመው በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን ሜርሴን ነው። ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 እስከ 257 ድግግሞሽ ድረስ የትኞቹ ብቸኛ እንደሚሰጡ ዝርዝር አወጣ። የተከበረ ሰው ነበርና ዝርዝሩ ለረጅም ዘመን ሲጠቀስ ኖረ። ነገር ግን ስህተት ነበረበት። 61ን፣ 89ን እና 107ን ዘሏል፤ 67ንና 257ን ያለ ቦታቸው አስገብቷል። የ61ዱን እ.ኤ.አ. በ1883 ያረጋገጠው ኢቫን ፔርቩሺን የሚባል የሩሲያ ገጠር ቄስ ነው። የ67ቱን ነገር ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ ምን እንደሚያካፍለው ግን አላገኘም። በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል በሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ 193707721ን በ761838257287 አባዝቶ ከዚያው ቁጥር ላይ ደረሰና ተመልሶ ተቀመጠ። ታዳሚው አጨበጨበለት። ለመሆኑ ማን ተዋረደ? ሜርሴን አልተዋረደም፤ ስሙም አልተነሳም። የወጣው ስህተቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ል. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2024) እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር መገኘቱ ተገለጸ። ሁለት 136,279,841 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 የተቀነሰለት ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው፤ በ8 ጀምሮ በ1 ያበቃል። በየሰከንዱ አንድ አሃዝ የሚያነብ ሰው ሳይተኛና ሳይሰግድ ቢቀጥል 475 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሦስት ሺህ አሃዝ በአንድ ገጽ ቢታተም ከ13 ሺህ ገጽ በላይ ነው። በአያቴ ጉድጓድ ቢገመስ ደግሞ 136,279,841 ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ ከላይ እስከ ታችም አንድ የሚነሳ ጠጠር አይገኝበትም።

ያገኘው ሉክ ዱራንት የሚባል የካሊፎርኒያ ነዋሪ ነው። ኮምፒውተር ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ተካፍለው እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን የሚያድኑበት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሥርቷል፤ ዱራንትም የዚያ አባል ነው። ለእኔ ግን ከግኝቱ ይልቅ የአረጋገጡ ሥርዓት ነው የሚያስገርመኝ። ጥቅምት 1 ቀን አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ያለ አንድ ማሽን «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» አለ። በማግስቱ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ያለ ሌላ ማሽን ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። እዚህ ላይ «የዘመኑ ኮምፒውተሮች አረጋግጠውታል» ብሎ ማወጅ ይቻል ነበር። አላወጁም። ሉካስ ጀምሮት ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 ባስተካከለው ፈተና፣ በተለያዩ ፕሮግራሞችና በተለያዩ ማሽኖች እንደገና ተመረመረ።

የፈተናው አሠራር በትንሹ ቁጥር በሁለት መስመር ያልቃል። ለ31 እንሞክረው። ከ4 ተነሳ፤ በራሱ አባዛና 2 ቀንስ፤ 14። 14ን በራሱ አባዝተህ 2 ስትቀንስ 194፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል። 8ን በራሱ አባዝተህ 2 ስትቀንስ 62፤ ለ31 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ድግግሞሹ 5 ስለነበረ ሦስት እርምጃ በቃ፤ መጨረሻው ዜሮ ሆነ፤ 31 ብቸኛ ነው። ለ2047 ዘጠኝ እርምጃ ሄደህ 1736 ይተርፍሃል፤ ወድቋል። ለትልቁ ቁጥር 136,279,839 እርምጃ ነው፤ እያንዳንዱም እርምጃ አርባ አንድ ሚሊዮን አሃዝ ያለውን በራሱ ማባዛት ነው። በመካከል አንዲት አሃዝ ብትሳሳት መጨረሻው ትርጉም ያጣል። ለዚህ ነው በሌላ ማሽን፣ በሌላ ፕሮግራም መደገም ያለበት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? ለዕለት ኑሮ ለምንም አይጠቅምም። የባንክና የስልክ መልእክት ምስጢር የሚጠበቅባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ጥቂት መቶ አሃዝ ቢኖራቸው ነው። ማንንም የማያጠግብ ቁጥር ነው እንግዲህ ይህን ያህል ምስክር የተጠራለት። እኛስ ለአኺራችን የምንደገፍበትን ነገር በስንት ምስክር ነው የምንቀበለው?

የአጎቴ ልጅ ያነሳው ክርክር ከእርሱ አልተጀመረም። በሁለተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን የመርው ቃዲ የነበረው ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም የየሱራውን ትሩፋት የሚናገሩ ሐዲሶች ያሰራጭ ነበር። ከየት አመጣኸው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰዎች ቁርኣንን ትተው በፊቅህና በዘመቻ ታሪክ ሲጠመዱ አይቶ ለአጅር ብሎ ራሱ እንደፈጠራቸው መናገሩ በሐዲስ ሊቃውንት መጻሕፍት ተመዝግቧል። ሌሎችም «በነቢዩ ላይ ሳይሆን ለነቢዩ ነው የዋሸነው» እስከማለት ደርሰዋል። ሊቃውንቱ ግን አሳቡ መልካም ነው ብለው አላለፉትም። ሰንሰለቱን ሰው በሰው እየመረመሩ ውሸቱን ለዩ፤ የቃዲውንም ስም ከሐሰተኞች ተራ ጻፉት። ወደ ቁርኣን ሊመልስ የፈለገ ሰው ነበር እኮ!

በእኛ ዘመን የሆነው ደግሞ በቀጥታ ከብቸኛ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ግብጽ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የባዮኬሚስትሪ ምሁር ረሻድ ኸሊፋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቁርኣን ምስጢር በ19 ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ተነሳ። 19 በሱረቱል ሙደሲር ተጠቅሷል፤ ብቸኛ ቁጥርም ነው፤ 114ም በ19 ይካፈላል። ብዙ ሙስሊም በደስታ ተቀበለው። ቆጠራው በሁሉም ቦታ አልገጥም ሲለው ግን ሰውዬው ቆጠራውን አልተወም፤ የሱረቱ ተውባን የመጨረሻ ሁለት አያዎች ከቁርኣን አይደሉም አለ! በኋላም ራሱን መልእክተኛ ብሎ አወጀ። እ.ኤ.አ. በጥር 1990 ቱሳን ከተማ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። ቁጥሩ ለመጽሐፉ ማስረጃ ሆኖ ጀመረ፤ ሲውል ሲያድር መጽሐፉ ለቁጥሩ ተቆረጠ። 19 ብቻውን ምን ጥፋት አለበት? የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ ዓመታቱን በ19 ይከፍላሉ። እነርሱ ግን ጨረቃና ፀሐይ በየ19 ዓመቱ ወደ ተቀራራቢ ቦታ ስለሚመለሱ ነው፤ ሰማዩን አይተው ነው የቆጠሩት።

የሞጣው ወረቀትም ቢሆን ትልቁ ጉድለቱ በ9 መካፈሉ አይመስለኝም። 6236 የኩፋ ሊቃውንት ቆጠራ ነው። የመዲና፣ የበስራና የሻም ቆጠራዎች ከዚህ ያንሳሉ። ቃሉ አልተለየም፤ አያው የት ላይ ያልቃል በሚለው ነው የተለያዩት። (6666 የሚለው በየቤቱ የሚነገር ቁጥር ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም፤ እርሱንም ማንም ቆጥሮት አያውቅም።) እንግዲህ ቁጥሩ በእርግጥ ብቸኛ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ የበስራ ቆጠራ ያለው ሰው ምን ሊል ነው? ተአምሩ ለኩፋ ብቻ ወረደ ሊባል ነው?

ብቸኛ ቁጥርን ማክበር የፈለገ ሙስሊም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ኢብኑል ሀይሠም፣ እ.ኤ.አ. በ1040 አካባቢ ካይሮ የሞተው፣ ከብቸኛ ቁጥር በታች ያሉት ሁሉ ተባዝተው 1 ቢጨመርበት በቁጥሩ እንደሚካፈል ተናግሯል። ለ7 ሞክሩት፤ ከ1 እስከ 6 ሲባዛ 720፣ 1 ሲጨመር 721፣ ለ7 ሲካፈል 103። አውሮፓ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይታ በእንግሊዛዊው ዊልሰን ስም ጠራችው። ሚራስ የሚማሩ ደረሶቻችንም «ተባዩን» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሁለት ቁጥሮች የጋራ አካፋይ ከሌላቸው እርስ በርስ ይባዛሉ። የሚስት ስምንተኛና የሴቶች ልጆች ሁለት ሦስተኛ በተገናኙ ጊዜ ውርሱ በ24 የሚመደበው 8 እና 3 ተባዩን ስለሆኑ ነው። እዚያ ላይ «ቢሳሳት ማንን ይጎዳል» የሚል የለም። የሚጎዳው የቲም ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ያ ልጅ ሶላት የጀመረበት ወረቀትስ? በዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁ፤ የአጎቴን ልጅ ክርክርም ቀላል አድርጌ አላየውም። ሰው በተጣመመ መንገድም ከመስጊድ ይደርሳል፤ ሂዳያ የአላህ ነው። ነገር ግን ልጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ የክፍል ጓደኛው አሃዞቹን ቢደምርለትስ? ከወረቀቱ ጋር ምን አብሮ ይቀደድበታል? የሰጠነው እኛ ነን፤ ስንሰጠውም አልመረመርነውም።

በታህሳስ 2012 ዓ.ል. ሞጣ ውስጥ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። የአጎቴ ሱቅም ከተቃጠሉት አንዱ ነበር። በእነዚያ ቀናት የጋዜጠኛ ስልክ ምን እንደሚመስል ለሙያ ባልደረቦቼ አልነግራቸውም። የሱቁ ብዛት፣ የንብረቱ ግምት በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ አንዱ የላከውን ሌላው እጥፍ አድርጎ ይልከዋል። ማታ የአጎቴ ልጅ ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል። እርሱም አንድ ቁጥር ነገረኝ። «ማን ቆጠረው?» ስል ራሴን ታዘብኩት፤ ቤቱ ለተቃጠለ ሰው ይህ ይባላል? ለጊዜው ዝም አለ። ይቀየመኛል ብዬ ስጠብቅ «ቆይ፣ እኔው ዞሬ ልቁጠር» አለና ዘጋው። በማግስቱ በየሰፈሩ የጻፈውን አንድ በአንድ አነበበልኝ፤ የባለቤቱ ስም፣ የሱቁ ዓይነት፣ የቆመበት ቦታ። በየስልኩ ከሚዞሩት ቁጥሮች ከየትኛውም ጋር አልገጠመም። ያን ዝርዝር ይዤ ስናገር «አጋነናችሁ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሊልም አይችልም።

ስለ ትልቁ ቁጥር ዜናው በወጣ ሰሞን እርሱ አዲስ አበባ ነበር። በስልኩ መልእክት ላከልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ የዚህኛውንስ አሃዞች ደመርካቸው?» ይላል።

አርባ አንድ ሚሊዮን አሃዝ አልደመርኩም አልኩት። በ3 አለመካፈሉን ግን ሳልደምር አውቃለሁ። 2 ለ3 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 4 ላይ 1፣ 8 ላይ 2፣ 16 ላይ 1፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ድግግሞሹ ጎዶሎ በሆነ ቁጥር 2 ይተርፋል፤ 136,279,841 ጎዶሎ ነው፤ ከዚያ 1 ስትቀንስ ትራፊው 1 ይሆናል። 7ም፣ 31ም፣ 127ም እንደዚያው ናቸው።

«ቆይ፣ ልሞክረው» አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በወረቀት የሠራውን ፎቶ አንስቶ ላከ፤ ሁለት 13 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ፣ 8191፣ ለ3፣ ትራፊ 1። ከሥሩ እንዲህ ጽፎበታል፤

«በ7ስ? ማን ሞክሮታል?»